ከድሬዳዋ ወይም ከሐረር ተነሥቶ በአንድ ቀን የሚወጣ ተራራ፦ የትኛውን ልምረጥ?

ባለፈው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጂቡቲ የምትኖር እኅቱ የላከችለትን ፎቶግራፍ አሳየኝ። እኅቱ ጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ተንጣሏል። «እኛስ ለምን ባሕር የሚታይበት ተራራ የለንም?» አለኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ይመስል። እውነት ነው፣ የለንም። 3000 ሜትር ከፍ ካለ አናት ላይ፣ ጭጋግም አቧራም በሌለበት ቀን፣ ዓይን የሚደርስበት አድማስ በስሌት 200 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከእኛ ጋራዎች ቅርብ የሚባለው ባሕር ደግሞ ከዚያ ይርቃል። ውኃችን እንኳ ባሕር አያይም። ከሐረርጌ ደጋ ወደ ደቡብ የሚወርደው ዝናብ በኤረርና በጎቤሌ አድርጎ ዋቢ ሸበሌ ይገባል፤ ዋቢ ሸበሌም አብዛኛውን ጊዜ ህንድ ውቅያኖስ ሳይደርስ ሶማሊያ አሸዋ ውስጥ ይቀራል። ወደ ሰሜን የሚወርደው ቆላው ላይ ይጠፋል።

«የግድ ባሕር ካላየሁ» ለሚል ሰው መልሱ ጂቡቲ ነው። ከጂቡቲ ከተማ በስተ ምዕራብ ያለችው አርታ ከፍታ ላይ ሆና ባሕረ ሰላጤውን ታያለች። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ደግሞ ከ1700 ሜትር በላይ የሚሆነው የጎዳ ተራራ አለ፤ እዚያ ላይ ያለው የዳይ ደን ከጂቡቲ ውጭ የትም የማይገኝ የቆቅ ዝርያ መኖሪያ ነው። ጥሩ ጉዞ ነው፣ የአንድ ቀን ጉዞ ግን አይደለም። ፓስፖርት አለ፣ ድንበር አለ፤ የድሮው ሐዲድ እንኳ ከድሬዳዋ እስከ ጂቡቲ 311 ኪሎ ሜትር ነበር። ሦስት ቀን ያላችሁ በኅዳርና በየካቲት መካከል ሂዱ። በክረምት ወራት የባሕሩ ዳርቻ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ መውጣቱ ቀርቶ ታች መቆሙም ቅጣት ነው።

እዚህ የምጽፈው ጧት ከቤቱ ወጥቶ ማታ አልጋው ላይ ለመተኛት ለሚፈልግ ሰው ነው። ለእሱ አራት ምርጫ አለ፦ ከድሬዳዋ በላይ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ኮረብታ፣ ከሐረር በስተ ደቡብ የሐኪም ጋራ፣ ከሐረር በስተ ሰሜን ምሥራቅ ቆንዱዶ፣ ከሐረር በስተ ምዕራብ ጋራ ሙለታ። ብዙ ሰው ከእነዚህ የሚመርጠው ከፍታቸውን እያየ ነው። ትልቁ ከባድ፣ ትንሹ ቀላል ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር፣ እስከ አንድ ግንቦት ድረስ።

ትንሹ ኮረብታ

ፖርክ ኤፒክ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ዋሻው ከድሬዳዋ በስተ ደቡብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከደረቁ የወንዝ ወለል 140 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የኖራ ድንጋይ ገደል ላይ ይገኛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1929 ፈረንሳውያኑ ቴያር ደ ሻርዳንና አንሪ ደ ሞንፍሬ አገኙት፤ በ1933 ተቆፈረ። የጥንት ሰው መንጋጋና የድንጋይ መሣሪያ ወጥቶበታል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ቀይ አፈሩ ነው። ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች እየፈጩና እየፋቁ ቀለም ያወጡባቸው ከ4000 በላይ ቁርጥራጮች እዚያች ዋሻ ውስጥ ተለቅመዋል።

140 ሜትር! ሰፈራችን ካለው ፎቅ ብዙም የሚበልጥ አልመሰለንም። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቁርሳችንን ተረጋግተን በልተን፣ አንድ አንድ ሊትር ውኃ ይዘን፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ ተነሣን። ያቺ «አራት ሰዓት» ናት የገደለችን። ዳገቱ ሙሉ በሙሉ ፀሐይ ላይ ነው፤ ጥላ የሚባል ግራር እንኳ በመከራ ነው የሚገኘው። ድንጋዩን ይዤ ለመውጣት እጄን ስዘረጋ እንደ ምጣድ ፈጀኝ። ግማሹ ላይ ስንደርስ ከመካከላችን ወፍራሙ ጓደኛችን ፊቱ ቀልቶ፣ ቆዳው ደርቆ፣ የጠየቅነውን ሳይሆን ሌላ ነገር ይመልስልን ጀመር። በሙቀት ውስጥ እየወጣ ያለ ሰው ላቡ ደርቆ ንግግሩ ከተዘበራረቀ ጉዞው አብቅቷል ማለት ነው። ጎትተን ከዋሻው አፍ ጥላ አስገባነው፣ የቀረንን ውኃ ሸሚዙ ላይ አፈሰስነው፣ እያራገብንም እስከ አሥር ሰዓት ድረስ እዚያው ተኛን። አርባ ሺህ ዓመት የሰው ልጅ ለምን እዚያ ዋሻ እንደሚጠለል ለማወቅ ቁፋሮ አላስፈለገንም።

ከዚያ በኋላ ነው ተራራን በሰዓቱና በፀሐዩ መመዘን የጀመርኩት። ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ በየ1000 ሜትሩ ከስድስት ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። ድሬዳዋ ላይ 34 ዲግሪ በሆነ ቀን ቆንዱዶ አናት ላይ 22 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ በግንቦት እኩለ ቀን የ140 ሜትሯ ኮረብታ ከ3000 ሜትሩ ተራራ ትከፋለች። በታኅሣሥ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥታችሁ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ከወረዳችሁ ግን ልጆችም የሚችሏት ናት። ግማሽ ቀን ብቻ ላለውና መኪና ለሌለው የድሬዳዋ ሰው እሷን እመክራለሁ፤ ዋሻውን ለመጎብኘት አስቀድሞ የከተማውን የባህልና ቱሪዝም ቢሮ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የወንዙን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው ደቻቱ ደረቅ አሸዋ መስሎ ይቆያል፤ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ ከዘነበ ግን ድንገት ሞልቶ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው እንደ ወሰደ የድሬዳዋ ሰው አይረሳም። በስተ ደቡብ፣ ወደ ደንገጎ ደጋ አቅጣጫ ሰማዩ ከጠቆረ አሸዋው ላይ አረፍ አትበሉ።

ሐኪም ጋራ፦ ለመለማመጃ

ስለ ሐኪም ብዙ የምለው የለኝም፣ ስለምወደው ነው እንጂ ስለናቅሁት አይደለም። የእግር ጉዞው ከሐረር ከተማ ይጀምራል፤ መኪና አያስፈልግም፣ ባጃጅ እስከ ግርጌው ያደርሳል። መካከለኛ ጉልበት ያለው ሰው በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ይወጣዋል። ከላይ ሆናችሁ ጀጎልን ስታዩ፣ አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ግንብ ምን ያህል ትንሽ ቦታ እንዳቀፈ ይገባችኋል፤ መስጊዶቹ፣ ቆርቆሮው፣ ጠባብ መንገዶቹ ሁሉ በአንድ መዳፍ ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ። ጋራው የአው ሐኪም ስም ያለበት የተከበረ ቦታ ነው። በረሃብ ዘመን ቅዱሳን ተራራው ላይ ተሰብስበው ለጅቦች ገንፎ እንዲሰጥ ወሰኑ የሚለውን የሐረር አፈ ታሪክም ሽማግሌዎቹ ዛሬም ይተርኩታል። ስለዚህ ዘፈን በጩኸት ከፍቶ መውጣት፣ ቁምጣ ለብሶ መቃብር አጠገብ ፎቶግራፍ መነሣት ነውር ነው።

ፈተና ፍለጋ ለወጣ ሰው ግን ሐኪም አይበቃም። ቆንዱዶን ወይም ጋራ ሙለታን ያሰበ ሰው ከሁለት ሳምንት በፊት ሁለት ጊዜ ሳያርፍ ቢወጣው፣ ጉልበቱ ምን እንደሚል ያውቃል። ሲወጣ የሚያለከልክ ሰው አያሳስበኝም፤ ሲወርድ ጉልበቱ የሚንቀጠቀጥ ሰው ያሳስበኛል።

ቆንዱዶ ወይስ ጋራ ሙለታ?

እውነተኛው ምርጫ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ጋራ ሙለታ ከ3300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ በምሥራቅ ሐረርጌ የሚበልጠው የለም። ቆንዱዶ 3000 ሜትር ገደማ ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ጋራ ሙለታ ያሸንፋል፤ እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣን ሰው አሥር ጊዜ ቢጠይቀኝ አሥሩንም ጊዜ ቆንዱዶ እለዋለሁ።

አንደኛው ምክንያት መንገድ ነው። ወደ ቆንዱዶ ከሐረር ተነሥቶ በተራራው አቅራቢያ ወዳለችው ወደ ፉኛን ቢራ ከተማ በጧት ሚኒባስ ይኬዳል። እኛ ሐረር አድረን፣ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መራመድ ጀመርን። የጋራ ሙለታ መንገድ ግን የጧቱን ግማሽ ይበላል። ከተራራው አጠገብ ያለችው ግራዋ ከተማ ደርሳችሁ ሻይ ጠጥታችሁ መሪ ፈልጋችሁ ስትነሡ ፀሐዩ ከፍ ብሏል፤ ዳገቱ ደግሞ ረጅም ነው፤ መመለሻችሁ ከምሽት ጋር ይጋጫል። በታኅሣሥ ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ደን ውስጥ ያለ ሰው ላይ ከዚያም ፈጥኖ ይጨልማል።

ሁለተኛው ምክንያት ቆንዱዶ ራሱ ነው። ከሩቅ ስታዩት ጫፉ በቢላዋ የተቆረጠ ይመስላል፤ አናቱ ጠፍጣፋ አምባ ነው። ከታች ማሽላና ጫት በእርከን እርከን ተተክሏል፤ ባለ ማሳዎቹ ድንጋዩን የደረደሩበት ጥንቃቄ የከተማ ግንበኛን ያሳፍራል። ከዚያ ቁጥቋጦ፣ ከዚያ አልፎ አልፎ ጥድ ይመጣል። ከጎኑ የኖራ ድንጋይ ዋሻዎች አሉት። ከአምባው በታች ያለው የመጨረሻው ዳገት ነው ከባዱ፤ መንገዱ ፍየል የሄደበት ብቻ ይመስላል፣ ኮረቱ ከእግር ሥር ይንሸራተታል። እዚያ ጋ አንዲት አብራን የወጣች ልጅ ነጭ የስፖርት ጫማዋ ሶሉ ተገንጥሎ እንደ ምላስ ሲንጠለጠል፣ መሪያችን በኮንጎ ጫማው እየዘለለ መጥቶ ከከረጢቱ ባወጣው ሲባጎ አሰረላት። በዚያው ሲባጎ ወጥታ በዚያው ወረደች።

አናቱ ላይ ስትደርሱ ምድሩ በድንገት ይተኛል። ሣር፣ ነፋስ፣ ዝምታ። እዚህ ላይ ነው የቆንዱዶ የዱር ፈረሶች የሚኖሩት። ከናሚብ በረሃ ፈረሶች ጋር በአፍሪካ ከሚታወቁት ጥቂት ጌታ አልባ የፈረስ መንጋዎች አንዱ ናቸው። ከየት እንደ መጡ ስትጠይቁ አንዱ የግራኝ አሕመድ ፈረሶች ዘር ናቸው ይላችኋል፤ ሌላው በኋለኛው ዘመን የዘመተ ጦር ትቷቸው ሄደ ይላል። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ወጥታችሁ ላታገኟቸው ትችላላችሁ። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ አላየኋቸውም፤ ያየሁት ፋንድያ ብቻ ነው። በሁለተኛው ጊዜ ጭጋግ ወርዶ ዓይናችን ከሃያ እርምጃ በላይ አላይ ሲል፣ ከብት የሚጠብቁ አንድ አዛውንት አጠገባችን መጥተው ተቀመጡ። በኦሮምኛ የተናገሩትን መሪያችን ተረጎመልን፦ «ልጄ፣ ፈረስን አትከተለው። ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ ማን እንደ ሆንክ ሊያይ ራሱ ይመጣል።» ተቀመጥን። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጭጋጉ ውስጥ ሲተነፍስ ሰማነው፤ ከዚያ አንድ ቡናማ ፈረስ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ጆሮውን ወደ እኛ አቅንቶ ቆመ። ከኋላው ሌሎች አራት ነበሩ። ባልደረባችን ስልኩን ሲያወጣ በተሰማችው ድምፅ ብቻ ሁሉም ተመልሰው ጠፉ። ፎቶግራፍ የለኝም።

መውጣቱ አራት ሰዓት፣ መውረዱ ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ታች ስንደርስ አንዲት እናት ሆጃ አፈሉልን፤ የቡና ገለባ በወተት የሚፈላው ነው። ከተራራ ለወረደ ሰው ከዚህ የሚሻል መጠጥ እስካሁን አላገኘሁም። ጊዜ ካላችሁ በዚያው አካባቢ ኤጀርሳ ጎሮ አለ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. የተወለዱበት። በአንድ ቀን ሁለቱን ለማድረግ መሞከር ግን ሁለቱንም ማበላሸት ነው።

ጋራ ሙለታ ለሁለተኛው ዓመት ነው። «ሙለታ» በኦሮምኛ የሚታይ ማለት ነው፤ ጋራ ደግሞ በአማርኛም በኦሮምኛም ጋራ ነው። ስሙ አልዋሸም፤ ከደጋው ከየትም አቅጣጫ ይታያል። ደኑ ጥቅጥቅ ያለበት ቦታ አለ፤ የጥድ ሽታው ከነጠላ ላይ ለቀናት አይለቅም። ብርዱ ግን የእውነት ነው። ልጅ ኢያሱ ከፍቼ አምልጠው በ1924 ዓ.ም. ከተያዙ በኋላ የታሰሩት እዚሁ ጋራ ሙለታ ነው፤ በሐረር ተወልዶ ያደገ ሰው ያንን ብርድ ቀምሶ ሲወርድ፣ አሳሪዎቹ ቦታውን ለምን እንደ መረጡት አይጠይቅም። እኔ የወጣሁት ግራዋ አካባቢ አድሬ በማግሥቱ ነው፤ በአንድ ቀን ከድሬዳዋ ደርሶ መልስ ያደረጉ አውቃለሁ፣ ሲመለሱ ግን ስለ ተራራው ሳይሆን ስለ መኪናው ነው የሚያወሩት።

ለድሬዳዋ ሰው ሌላም ነገር አለ። ከ1200 ሜትር ተነሥቶ በአንድ ጧት ከ3300 በላይ መውጣት ከሁለት ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የከፍታ ለውጥ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምክንያት የሌለው ድካም ሊመጣ ይችላል፤ መድኃኒቱ መውረድ ነው እንጂ መታገሥ አይደለም። ሐረር 1900 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የሐረር ሰው ጥቂት ይቀለዋል። የድሬዳዋ ሰው ለሁለቱም ተራራ ቢሆን ሐረር ቢያድር ይሻለዋል።

ወቅት፣ መሪ፣ ስንቅ

ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ ያለው ጊዜ ለሁሉም ጥሩ ነው። ከየካቲት አጋማሽ በኋላ የዋሻውን ኮረብታ በጧት ብቻ ውጡት። በሐምሌና በነሐሴ ቆንዱዶ ጭቃ ነው፣ የጋራ ሙለታ መንገድ ደግሞ ጨርሶ ሊዘጋ ይችላል።

መሪ ያስፈልጋል፤ ለሁለቱ ትልልቆች ግዴታ አድርጉት። ከመነሣታችሁ በፊት ወረዳው ዘንድ ሄዳችሁ ስለ መንገዱና ስለ አካባቢው ሁኔታ ጠይቁ፤ ያለ ፈቃድ ማሳ አቋርጦ መሄድ ጠብ ያመጣል። ለአዛውንት ወንድ «ኦቦ»፣ ለእናቶች «አዴ» ካላችሁ ግማሹ በር ይከፈታል። ዋጋ ሳትነሡ ተነጋገሩ። መሪውንም በጧት ያዙት፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ በርጫው ላይ የተቀመጠን ሰው ተነሥ ማለት ከንቱ ድካም ነው። አንድ ጊዜ ሞክረነው፣ ሰውየው በታላቅ ትሕትና እኛኑ እንድንቀመጥ ጋበዘን።

ውኃ ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር፣ ለዋሻው ኮረብታ በሙቀት ወቅት ከዚያም በላይ። ቴምር፣ ቆሎና ሙዝ ከሳንድዊች ይሻላሉ፤ ሳንድዊች በሦስት ሰዓት ውስጥ ይጠወልጋል። የቆየ ጫማ ልበሱ፤ አዲስ ጫማ ተራራ ላይ አይፈተንም። ከላይ ነፋስ ስላለ ለቆንዱዶ ሹራብ፣ ለጋራ ሙለታ ጃኬት ያዙ። ዱላ ከመሪያችሁ ላይ ትዋሳላችሁ፤ ለመውረድ ነው የሚያስፈልጋችሁ። የመመለሻ ሰዓትም አስቀድማችሁ ቁረጡ። የእኔ ሰባት ሰዓት ነው። አናቱ ሃምሳ ሜትር ቢቀረኝ እንኳ ሰባት ሰዓት ሲሆን እዞራለሁ፤ ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ተሰድቤበታለሁ።

መጨረሻ ላይ የደንገጎን ቁልቁለት አስቡ። ከተራራው ደኅና ወርዳችሁ ወደ ድሬዳዋ የምትመለሱት በዚያ ጥምዝምዝ መንገድ ነው፣ የጫት መኪኖች ደግሞ ማንንም አይጠብቁም። ማታ ከሆነባችሁ ሐረር እደሩ፤ ካልሆነም ቀኑን ሙሉ ታች የጠበቀና ያልደከመ ሹፌር ይዛችሁ ሂዱ። ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ የሚቀጥለውን ቅዳሜ ለሐኪም ጋራ ይዟል። ባሕሩን ለጥር አስተላልፎታል፤ ፓስፖርቱ ጊዜው እንዳለፈበት ያወቀው ትናንት ነው።